የስድስት ሰው ቤት

አይሉክ ደሴት፣ ኦገስት 3 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

በኦክላሆማ፣ በኢኒድ ከተማ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለምትኖሩ ቤተሰቦቼ፤

አስቀድሜ ለታላቅ እህቴ ለኔይማት፣ የመሬታችን ውርስ በእርሷ በኩል ለሚቆጠረው፤ ቀጥሎ ለዲያቆን ላማይ፣ ለጸሎቱና ለሽበቱ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ለጄልቶን ታላቅ ወንድምና ለባለቤቱ፤ ለቤቱ አባወራ ለጄልቶን፤ ለአንቺ ለእህቴ ልጅ ለሮስቲና፤ በሥጋ ፋብሪካው ለሚደክሙት ለሁለቱ ወጣቶቻችን፤ በመጨረሻም ለስድስቱ ልጆች፣ እንደየማዕረጋችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዳቦ ፍሬ ዛፋችን ዘንድሮ ከፍሬው ብዛት ቅርንጫፉን ሰብሯል።

ልጄ ሮስቲና፣ የጁን ደብዳቤሽ እንደ ልማዳችን ከእሁድ ጸሎት በኋላ በመጋቢው አንደበት ለሕዝቡ ተነበበ። ቤቱ ሰፊ፣ የዶሮ ሥጋ ርካሽ መሆኑን የጻፍሽበት ላይ ሲደርስ ታንኳ ጠራቢው ላጂክ ከኋላ ብድግ አለና «ዶሮ እንዲህ ከረከሰማ የኛዎቹ ምን በድለው ነው እዚህ ጠጠር የሚጭሩት? ጫኗቸዋ!» ቢል ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ሚስቱ «መጫን እንኳ አንተን ነበር፤ ዶሮዋስ እንቁላል ትጥላለች» ብላ አስቀመጠችው።

በማግስቱ የወንድማችን ልጅ ጆርጁ እኔ ዘንድ መጣ። ታንኳውን ሸጦ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ለገና እናንተ ዘንድ መድረስ ይፈልጋል። በእኛ ዘንድ ለመጣ ዘመድ «ቦታ የለም» የሚል አንደበት ኖሮ አያውቅምና፣ ስለ አንቺ ሆኜ እሺ አልኩት። በዚህ ደሴት በከንቲባነት ባገለገልኩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስለ ዘመድ የገባሁት ቃል ተመልሶብኝ አያውቅም።

ሴቶቹ የመኝታ ምንጣፍ ሊሠሩላችሁ ተነሥተዋል። ስንት ይበቃችኋል? ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ የምትችሉትን ብታስቡም ሕዝቡ ያመሰግናችኋል።

በሰላም ያቆያችሁ።
አጎትሽ ቢሊሞን


ኢኒድ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

ለክቡር አጎቴ፣ ለመጋቢያችን፣ ለምክር ቤቱ ሽማግሌዎች፣ ይህንን ለምትሰሙ ሁሉ፤

ጤናችሁ እንዴት ነው? እኛ በጸሎታችሁ ደህና ነን። እናቴ ኔይማት ልጆቹን ትጠብቃለች፤ እኔ በቀን፣ ጄልቶን በማታ ፈረቃ እንሠራለን። ዲያቆን ላማይ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል።

ዶሮው እውነት ርካሽ ነው፤ ዋሽቼ አልጻፍኩም። ላጂክም እንዳያዝን፣ ለዶሮዎቹ የይለፍ ወረቀት እንደሚያስፈልግ ይነገርልኝ። ይሁንና እዚህ ውሃው በየወሩ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ቆሻሻ ለሚወስደው ይከፈላል። ሙቀትም ይሸጣል፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች በቱቦ ወደ ቤት የሚገባውን ሙቀት ካልገዛን የልጆቹ ጣት ይደነዝዛል። ባለፈው ወር የመጨረሻዋ ልጄ ጆሮዋን አሟት ለአሥር ደቂቃ ብቻ ሐኪም አያት፤ የአሥሩን ደቂቃ ዋጋ እስከ አሁን እየከፈልን ነው። ለሥራ መኪና ግድ ነው፤ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፤ ነዳጁ ደግሞ በዚህ ዓመት እሳት ሆኗል። ፋብሪካው በሳምንት ከአርባ ሰዓት ሥራ ወደ ሃያ ስምንት አውርዶናል። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ ሽማግሌዎች ስለ ኑሮው ስለ ጠየቁኝ ነው።

ለምንጣፎቹ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሥራ አራት ቢሆኑ። የሚቻል ከሆነ ስስ ተደርገው ይሠሩ፤ ተጠቅልለው በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዲገቡ። ደብዳቤም ሲልኩልን በፖስታው ላይ የእኔ ስም ብቻ ቢሆን ፖስተኛው አይሳሳትም።

አከራያችን ሚስስ ክላውሰን መልካም ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት መጥታ «በቤቴ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ማወቅ እፈልጋለሁ» ብላ ነበር። ቅር ብሏት ሄደች። ቃላችን ለእርሷ የሚበቃ አልሆነም መሰለኝ።

ስለ ጆርጁ፣ ክረምቱ ዘንድሮ ይብሳል ይላሉ፤ ልጆቹም ገና ትናንሽ ናቸው። እርስዎ የሚበጀውን ያውቃሉ።

ልጅዎ ሮስቲና


አይሉክ ደሴት፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

ለእህቴ ለኔይማት፣ ለዲያቆን ላማይ፣ ለጄልቶን ወንድምና ለባለቤቱ፣ ለጄልቶን፣ ለሮስቲና፣ ለወጣቶቹና ለልጆቹ እንደየማዕረጋችሁ፤

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ሲነበብ አንገቴን ደፋሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። አሥራ አራት ነፍስ በአንዲት ባለ ርስት መሬት ላይ አራት ዓመት ሲኖር፣ ከወገናችን ትልቅ ሰው ተነሥቶ «እነዚህ የእኔ ናቸው፤ ስላስጠለልሽልኝ አመሰግናለሁ» አላላትም። በእኛ ደሴት የመጀመሪያው የዳቦ ፍሬ ወደ ማን ደጃፍ እንደሚሄድ ሕፃንም አይጠፋውም። የሚስስ ክላውሰን ቅሬታ የተገባ ነው። እኔ ብሆንም ይከፋኝ ነበር።

እንግዲህ ደስ ይበልሽ፤ ነገሩን አቅንቼዋለሁ። በምክር ቤታችን ማኅተም ረጅም ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። አድራሻዋን ጄልቶን አምና ከላከልን የኪራይ ወረቀት ላይ አገኘን። እያንዳንዳችሁን ከኔይማት ጀምሬ እስከ ትንሿ ልጅሽ ድረስ በስምና በማዕረግ አስፍሬያችኋለሁ። ለገና የሚጨመሩትን የጆርጁን አራት ሰዎችም፣ ድንገት እንዳይሆንባት አስቀድሜ አሳውቄአታለሁ። በተዋስኩት ቋንቋ ባለ ርስትን ሰላም ማለት ማቃለል መስሎ ስለታየኝ በራሳችን ቋንቋ ጻፍኩት፤ አንቺ በፊቷ ቆመሽ ትተረጉሚላታለሽ። ባለቤቴ ስድስት ወር የሠራችውን ነጭ ምንጣፍ አብሬ ልኬአለሁ።

ጥቅሉ ይህ ደብዳቤ በመጣበት አውሮፕላን ወጥቷል፤ ከባድ ስለሆነ ግን ትንሽ ሊዘገይ ይችላል አሉኝ።

ጆርጁ ለታንኳው ገዢ አግኝቷል። ሰውየው በዲሴምበር መጀመሪያ በሚመጣው መርከብ ገንዘቡን ይዞ ይደርሳል።

በሥርዓት የሚኖር አያፍርም፤ አይዞሽ።
አጎትሽ ቢሊሞን


ኢኒድ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

አጎቴ፣

ይህ ወረቀት በቤተ ክርስቲያን እንዳይነበብ በእናቴ ስም እለምንዎታለሁ። ሰላምታውን በማዕረግ ሳላቀርብ ስጀምር ይቅር ይበሉኝ።

የቤቱ ውል ስድስት ሰው ይላል። እኔን፣ ጄልቶንን፣ አራት ልጆቻችንን። ሰባተኛ ሰው ከተገኘ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውጡ ይላል። በዚህች ከተማ ውል ጥሶ የተባረረ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ሌላ አከራይ አይቀበለውም።

እናቴ በየማለዳው የአሥራ አራታችንን አሮጌ መኝታ ጠቅልላ በመኪናው ውስጥ ትጭናለች። በበሩ ላይ የሚወልቀውን ጫማ ሁሉ በሩዝ ከረጢት ሰብስባ ከማጀት ትደብቃለች፤ ስድስት ጥንድ ብቻ ትተዋለች። ለአዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አራት። የሴትየዋ መኪና ድምፅ ሲሰማ ዲያቆን ላማይ በሚያማቸው ጉልበት ሮጠው መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። ልጆቹ መደበቅን እንደ ጨዋታ ለምደውታል። የመጨረሻዋ ልጄ ትናንት ፖስተኛው ሲያንኳኳ ማንም ሳይነግራት አልጋ ሥር ገባች። አራት ዓመቷ ነው።

ቤቱ ሰፊ ነው ብዬ የጻፍኩት ሕዝቡ ስለሚሰማው ነው። በአጎትሽ ልጅ ላይ በርሽን ዘጋሽ ተብሎ በጉባኤ ፊት ከመነበብ ሞት ይሻለኝ ነበር። በሴፕቴምበር እውነቱን በጎን ለመንገር ሞከርኩ፤ እርስዎም በቅን ልብ መለሱልኝ።

ለምን አትከፋፈሉም ይሉኝ ይሆናል። ኪራዩ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ዶላር ነው፤ ከሥራ ሰዓታችን መቀነስ በኋላ የሚከፈለው ሁላችንም ስለምናዋጣ ነው። በአሥራ አራት ሆነን ውሉን እንፈራለን፤ በስድስት ሆነን ኪራዩን እንፈራለን።

ጥቅሉን ማስመለስ የሚቻል ከሆነ ያስመልሱት። እንደማይቻል አውቃለሁ። ጆርጁ ግን ታንኳውን አይሽጥ። እባክዎ አይሽጥ።

ሮስቲና


ኢኒድ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

ለክቡር አጎቴ፤

መልስዎ አልደረሰኝም። አውሮፕላኑ ይሁን ወይስ ተቀይመውኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህም ለብቻዎ ነው።

ጥቅሉ ደረሰ። ቅዳሜ ኖቬምበር 15 ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ሚስስ ክላውሰን ደብዳቤውን በእጇ፣ ምንጣፉን በብብቷ ይዛ መጣች። ጫማዎቹ ተሰብስበው ነበር። ዲያቆን ላማይ መታጠቢያ ቤት ገብተዋል። እናቴ ግን ድንች እየላጠች በወጥ ቤቱ በር ላይ ነበረችና ለመሸሽ አልደረሰችም።

«ሮስቲና፣ ይኼ ነገር ከየት መጣብኝ? ማኅተም አለው! መንግሥት ነው የጻፈልኝ?»

«አጎቴ ናቸው ሚስስ ክላውሰን። የደሴታችን ከንቲባ ናቸው።»

«ከንቲባ! የኔን ስም ከየት አውቆት? የዚህ ከተማ ከንቲባ እንኳ አያውቀኝም። በይ ነይ አንብቢልኝ። መነጽር ብቀያይርም ሊገባኝ አልቻለም።»

ቆሜ አነበብኩላት፤ እንዳዘዙኝ። ስለ ጥላና ስለ መጠለያ የጻፉት ላይ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ያለውን ልዘለው ስል ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ቆይ እስቲ፣ ቆይ። ይኼ ሁሉ ስም ምንድን ነው? የናንተን አየሁት፤ ይኼው ጄልቶን፣ ይኼው አንቺ። እነዚህ ሌሎቹስ?»

ጣቷ ያረፈው በመጀመሪያው ስም ላይ ነበር። በእናቴ።

አጎቴ፣ ያኔ የተናገርኩትን ከእኔ ሳይሰሙት ከሌላ ሰው እንዳይደርስዎ ብዬ እጽፋለሁ። «የሞቱ ዘመዶቻችን ናቸው» አልኳት። «በኛ አገር ትልቅ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ እነሱን ያስታውሳል።»

«ስምንቱም?»

«ስምንቱም።»

«አይ ልጄን! ምን ዓይነት መቅሠፍት ነው?» አለችና ትከሻዬን ያዘችኝ። ከታች ያሉትን የጆርጁን አራት ስሞች «መልካም ገና የሚመኙልዎ ናቸው» ብዬ አለፍኳቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እኚህስ ማን ናቸው?»

«አክስቴ ናቸው። ለጥየቃ መጥተው ነው።»

ሚስስ ክላውሰን የእናቴን እርጥብ እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት። እናቴ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ለራሷ ሞት ማጽናኛ ተቀበለች።

ሚስስ ክላውሰን በሩን ዘግታ ወጣች። እናቴ ቢላዋውን ወደኔ ገፋች። «ከሞትኩ አይቀር ድንቹን አንቺ ላጪው።»

ዲያቆን ላማይ ከመታጠቢያ ቤቱ ሆነው «እኔስ መቼ ነው የሞትኩት? ፍትሐቴን ማን አደረገ? እንዳው ዝም ብላችሁ ነው የቀበራችሁኝ?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ጭንቅላቴን ወደ ጭኗ ሳበችው። «ጥሩ አነበብሽ» አለችኝ። ቀጥላም «እኔ ግን ወደ አገሬ ልግባ። ሙት ከዘመዱ ጋር ነው የሚያምርበት» አለች።

ለምኜ አልተሳካልኝም። ሁለቱ ወጣቶች ደመወዛቸውን ለትኬቷ ሰጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ትነሣለች። ሴትየዋ እንደገና ብትመጣ ማምለጫ ስለማይኖረን፣ እነርሱም ወደ ጓደኞቻቸው፣ የጄልቶን ወንድም ቤተሰብ ወደ ሚስቱ እህት ዘንድ ተዛውረዋል፤ ዲያቆኑም በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ክፍል ተጠግተዋል። ልጆቹን የሚጠብቅልን ሰው የለም። የምቀጥረው ሰው የሚጠይቀው እኔ ከማገኘው አይለይም፤ ስለዚህ እኔም ሥራ ልተው ነው። በጄልቶን ሃያ ስምንት ሰዓት እስከ መቼ እንደምንቆም አላውቅም።

ትናንት ኪራይ ልከፍል ቢሮዋ ሄድኩ። ደብዳቤዎን በወርቅማ ፍሬም አስገብታ፣ ከጠረጴዛዋ በላይ፣ ከነማኅተሙ ሰቅላዋለች። «ለመጣው ሰው ሁሉ አሳየዋለሁ» አለችኝ። እዚያ ቢሮ የእኛ ሰዎች ኪራይ ሊከፍሉ ይመጣሉ። ማንበብ የሚችሉ ናቸው። አንዱ ከደግነት የተነሣ «ኔይማትማ ባለፈው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ነበረች» ቢላትስ?

ሮስቲና


አይሉክ ደሴት፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ልጄ፤

በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ የሰላምታ ተራ አትፈልጊ። ሁላችሁንም ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ባሕሩ መልሼ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ በየስማችሁ ጠርቻችኋለሁ። በወረቀት ግን አላሰፍራችሁም። ለመልስ የዘገየሁትም ተቀይሜሽ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈው ስም ማንን እንደሚያስወጣ ሳላውቅ ቀርቼ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ፈርቼ ነው።

የኖቬምበሩ ደብዳቤሽ የደረሰኝ መርከቡ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መጋቢው እጁን ዘርግቶ «ይምጣ እንጂ ክቡርነትዎ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል» አለኝ። «ዛሬ የሚነበብ የለም» አልኩት። ደብዳቤው በኪሴ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ጆርጁን ጠርቼ ታንኳህን አትሸጥም አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ምክር ቤቱ ለዓሣ ማጓጓዣ ይፈልጋታል አልኩ። «አጎቴ፣ እኔን ነው የሚወዱት ወይስ ታንኳዬን?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ገዢው በመጣበት መርከብ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሁን በደሴቱ ላይ ከንቲባው ምቀኛ ሆነ ይባላል። ይባል። የአንቺ በር ተዘጋ ከሚባል የእኔ ስም ቢጠፋ ይሻላል፤ እኔ አርጅቻለሁ፤ አንቺ ልጆች ታሳድጊያለሽ።

ለጣሪያው ቆርቆሮ የጠየቅሁትን ትቼዋለሁ። ዘንድሮም በኮኮናት ዛፍ ቅጠል እንሸፍነዋለን። በምትኩ ሙቀቱን ግዙበት። ደረቅ ዓሣና የዳቦ ፍሬ ሊጥ በዚሁ አውሮፕላን ይመጣል። ኪራይ እንደማይሆን አውቃለሁ።

በግድግዳው ላይ ስለ ተሰቀለው ደብዳቤዬ ሌት ተቀን አስባለሁ። እንዲወርድ ጽፌ ብለምናት ለምን ትለኛለች። ዝም ብል አንድ ቀን የሚያነብ ይመጣል። ያሰብኩት አንድ ነገር አለ፤ ደግመሽ ኪራይ ስትከፍዪ፣ የእኛ ሰው በተራ ቆሞ ብታዪ ቀድመሽ ሰላም በዪውና ወደ ውጭ ጥሪው። ነገሩን ንገሪው። እንዲህ ያለውን ምክር ከከንቲባ ትሰሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከቤታችሁ ሰዎች በዚህ ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ካለችበት የሚያስወጣት ማንም ስለሌለ።

ኔይማት ገብታለች። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ የወረደችው እርሷ ናት፤ በአንድ እጇ ጫማዋን ይዛ። ላጂክ ከሩቅ ጮኸ፤ «ኔይማት! ዶሮ ረከሰ ሲሉን ሰማን፤ አንድም አላመጣሽልንም?»

«ስሞት ወረሱኝ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔና እርሷ ተያየን።

በዚያው እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ እንደ ልማዳችን ታላላቆችን በየተራ ሳከብር፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርሷን ጠራሁ፤ «ታላቅ እህቴ ኔይማት፣ በሕይወት በመካከላችን ያለች።» ሕዝቡ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። እርሷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ እንዲያዩዋት ትንሽ ቆመች።

ቤቱ ስድስት ሰው ይዞ ይቁም፤ ልጄ። ትንሿ ልጅሽ በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር እንዳትገባ አስተምሪያት፤ ስሟ ከመጀመሪያውም በውሉ ላይ አለና። ስለ ጥበቃችሁ፣ ስለ ድካማችሁና በእኔ ስህተት ስለ ተሸከማችሁት ሁሉ በደሴቱ ምክር ቤትና በራሴ ስም አመሰግናለሁ። ሥራው ሰዓቱን ይመልስላችሁ፤ ክረምቱ ይጠርላችሁ፤ የጀመራችሁት ሁሉ እንዲቃናላችሁ በአክብሮት እመኛለሁ።

አጎትሽ